እጅ ማውለብለብ የተከለከለባት መንደር

ጀርመን ውስጥ ሞድላሮይት የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ቢበዛ ሃምሳ ቢሆኑ ነው። በመሀሏ ታንባኽ የሚባል ጅረት ያልፋል። ጅረት ያልኩት አክብሬው ነው እንጂ ትንሽ ተንደርድሮ የዘለለ ሰው ጫማውን ሳያርስ ይሻገረዋል። ይኸው ጅረት ነው እንግዲህ ለአርባ ዓመት ያህል ሁለት መንግሥታትን፣ ሁለት የጦር ጎራዎችንና ሁለት ዓይነት ገንዘብን ለይቶ የኖረው። አሜሪካኖቹ መንደሯን «ትንሿ በርሊን» ይሏት ነበር።

ስለ በርሊን ግንብ ያልሰማ የለም። የበርሊን ታሪክ ግን ትልልቅ ሰዎችና ትልልቅ ንግግሮች ይበዙበታል። እኔን ሞድላሮይት የምትስበኝ ነገሩ ሁሉ በትምህርት ቤት፣ በመጠጥ ቤትና በጎረቤት ልክ ስለሆነ ነው። ሁለት መንግሥታት አንድን ሰፈር ሲካፈሉት ምን እንደሚሆን በደንብ ይታይባታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋዩ

ብዙ ሰው ያንን ድንበር የፈጠረው ቀዝቃዛው ጦርነት ይመስለዋል። አይደለም፣ ድንበሩ ከዚያ በጣም ይቀድማል። በ1810 ጀርመን የምትባል አንድ አገር አልነበረችም። የነበሩት ናፖሊዮን እንደፈለገ የሚቆርሳቸውና የሚያጣብቃቸው ትልልቅና ትንንሽ ግዛቶች ናቸው። በዚያ ዓመት ታንባኽ የባቫሪያ መንግሥትና የሮይስ መሳፍንት ግዛት ወሰን ሆነና ድንጋይ ተተከለበት። ድንጋዩ ላይ በአንዱ ጎን የባቫሪያ፣ በሌላው ጎን የሮይስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተቀረጹ።

ከዚያስ? ምንም! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሮይስ በኋላ የቱሪንጊያ ክፍለ ሀገር አካል ሆነ፣ ንጉሦቹ ወረዱ፣ አንድ የዓለም ጦርነት አልፎ ሌላው መጣ። የመንደሩ ሰው ግን ኑሮውን ቀጠለ። ትምህርት ቤቱም መጠጥ ቤቱም ያሉት በቱሪንጊያ በኩል ስለነበር የባቫሪያ ልጆች ጠዋት ጅረቱን ተሻግረው ይማራሉ፣ አባቶቻቸው ደግሞ ማታ ተሻግረው ቢራቸውን ይጠጣሉ። እሁድ ሲሆን ተራው ይገለበጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በባቫሪያ በኩል፣ ቶፐን በምትባለው ጎረቤት መንደር ነውና ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል። ድንበሩ ግብርህን ለማን እንደምትከፍል ይነግርሃል፣ በቃ። ከ130 ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ።

ከድንጋይ ወደ ግንብ

በ1945 ናዚ ጀርመን ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ አገሪቱን ሲከፋፈሉ አዲስ መስመር ለማስመር አልደከሙም፤ በአብዛኛው የድሮዎቹን የክፍለ ሀገር ወሰኖች ተጠቀሙ። ባቫሪያ ለአሜሪካ፣ ቱሪንጊያ ለሶቪየት ኅብረት ደረሰ። ያ የድሮ ድንጋይ ቦታውን ሳይለቅ ሥራው ተቀየረ ማለት ነው። በ1949 ደግሞ ሁለት አገሮች ተመሠረቱና ታንባኽ በምዕራብና በምሥራቅ ጀርመን መካከል ቀረ።

ምሥራቅ ጀርመን ለእኛ ባዳ አገር አይደለችም። በደርግ ዘመን ስንቱ ኢትዮጵያዊ ተምሮባታል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልትም የእሷ ስጦታ ነው። ስለዚህ የሞድላሮይት ነገር የሚመለከተው ለአብዮታችን ወዳጅ የነበረውን መንግሥት ነው።

መጀመሪያ ላይ የመንደሩ ሰው በይለፍ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። መንገዱ የተዘጋው በ1952 ነው። በሜይ ወር የምሥራቁ መንግሥት በድንበሩ ርዝመት ሁሉ ሦስት እርከን ያለው ክልል አወጀ። ጅረቱ ሥር ያለው 10 ሜትር ተመንጥሮ ይታረሳል፤ የረገጠ ሰው ዱካው እንዲታይ ነው፤ እዚያ ላይ የተገኘም ይተኮስበታል። ቀጥሎ ያለው 500 ሜትር በጥብቅ ይጠበቃል። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንም አይገባም። በዚያው ሰሞን «አይታመኑም» የተባሉ ቤተሰቦች ካደጉበት ቀዬ በግድ እየተነሡ ወደ መሀል አገር ተጋዙ። በ1952ና በ1961 በጠቅላላው ከ10,000 በላይ የድንበር አካባቢ ሰዎች ተፈናቅለዋል። የመጀመሪያው ዘመቻ በባለሥልጣናቱ መካከል የሚጠራበት ስም «ተባይ» ነበር። ይህችን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። የራስህን ዜጋ ተባይ ካልከው በኋላ የሚቀረው ሥራ የጭነት መኪና ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ሞድላሮይት ውስጥ በመጀመሪያ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የእንጨት አጥር ቆመ። ከዚያ ሽቦ ታከለ። በ1966 ደግሞ 700 ሜትር ርዝመትና 3.3 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ተሠራ። የጥበቃ ማማ፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ መብራት፣ ውሻ... ይህ ሁሉ ለሃምሳ ሰው መንደር!

ሰላምታ

ከግንቡ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ አንድ ትንሽ ደንብ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለ ነዋሪ ወደ ምዕራብ እጁን ማውለብለብ፣ ሰላም ማለትም አይፈቀድለትም ነበር። እስቲ አስቡት። ጎረቤትህ በአርባ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ዶሮው ሲጮህ ትሰማዋለህ፤ ምናልባትም አብሮህ የተማረ ነው። አውቀህ እንዳላወቅህ መሆን አለብህ። ሰላምታ የነሣህ ሰው እንደ ተቀየመ በሚቆጠርበት ባህል ላደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1973 ሁለቱ ጀርመኖች ትንሽ ተስማሙና ምዕራብ ድንበር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ምሥራቅ ያሉ አጎራባች ወረዳዎችን መጎብኘት ቻሉ። ሞድላሮይት ግን አልተጠቀመችም። ምሥራቃዊው ግማሽ ያለው ክልክሉ ቀጠና ውስጥ ስለነበር የባቫሪያው ነዋሪ ሩቅ ያለ ከተማ ሄዶ ማየት ሲችል ፊት ለፊቱ ያለውን ቤት ማንኳኳት አይችልም። በዚያው ዓመት አንድ ሰው በመሰላል ግንቡን ተሻግሮ አመለጠ። በ1983 ደግሞ የያኔው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ መንደሯን ሊያይ መጣ። ትልልቅ ሰዎች ከሩቅ እየመጡ የሚያዩትን ቦታ ሠፈርተኛው መርገጥ አልቻለም።

ድንጋዩ እንደገና

የበርሊን ግንብ ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ሲከፈት ሞድላሮይት ገና ዝግ ነበረች። የእሷ ግንብ ለእግረኛ የተከፈተው ከአንድ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 9 ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጁን 17 ቀን አብዛኛው ግንብ ፈረሰ። ለመታሰቢያ የተተወው ቁራጭ ዛሬ የሙዚየም አካል ነው።

እና አሁን ድንበሩ የለም? አለ እንጂ! ጀርመን አንድ ብትሆንም ባቫሪያና ቱሪንጊያ ሁለት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ ይህች ሚጢጢዬ መንደር ዛሬም የምትተዳደረው ከሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ወገን በባቫሪያዋ ቶፐን፣ ሌላው በቱሪንጊያዋ ጌፈል ሥር። የፖስታ ኮዱ ሁለት፣ የስልኩ ኮድ ሁለት፣ የመኪናው ታርጋ ሁለት ነው። የ1810ሩ መስመር ያኔ በነበረበት አለ።

ስለ ድንበር ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጨቃጨቀው መስመሩ የት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ሞድላሮይትን ሳስብ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ በመስመሩ ላይ ምን ተከለከለ? መስመሩ ንቅንቅ አላለም። በአንድ ዘመን ልጆች ቦርሳ ይዘው ተሻገሩት፤ በሌላ ዘመን እጅ ማንሣት ወንጀል ሆነበት። በድንጋዩና በግንቡ መካከል ያለው ልዩነት የካርታ አይደለም። አንደኛው መንግሥት ሰው ቢሻገር ግድ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ግን የራሱን ሕዝብ ፈራ። ግንቡን ደግሞ በአንድ ሌሊት አላመጣውም። ይለፍ ወረቀት፣ የታረሰ መሬት፣ እንጨት፣ ሽቦ እያለ በሃያ ዓመት ውስጥ ነው የደረሰበት። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ትንሽ ብቻ የባሰ ነበር።

ዛሬ ድንበሩ የሚታወቀው በበዓል ቀን ነው። ኦክቶበር 31 የተሐድሶ ቀን ስለሆነ በቱሪንጊያ በኩል ሥራ ዝግ ነው፣ ባቫሪያ ይሠራል። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነውና ባቫሪያ ያርፋል፣ ቱሪንጊያ ሥራ ይገባል። ጅረቱን ተሻግሮ ጎረቤቱን እንኳን አደረሰህ ማለት የፈለገ ግን ማንንም አያስፈቅድም።