የነሐሴዋ አረንጓዴ አደይ አበባ

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነሐሴ ሲባል ሆዱ ባር ባር ይለዋል፤ አገሩ ሁሉ የአዲስ ዓመት ካላንደር የሚያሳትመው በዚያች ወር ነዋ! ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ዕድሩ ሳይቀር ለጳጉሜን ይድረስልኝ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ጠርዙ እንደ ማዕበል ይሞገዳል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል።

እኔ ያኔ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ወረቀት የሚያራግፍ፣ ሮለር የሚያጥብ፣ ሲተኛም ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የሚሸት ፍጡር ነው። ማሽናችን ባለ አራት ቀለም አሮጌ ኦፍሴት ናት። ጥቁሩ፣ ሳይያኑ፣ ማጀንታውና ቢጫው በየራሳቸው ቤት ይኖራሉ፤ በእያንዳንዱ ቤት ላይ አፏ ወደ ታች የተደፋ የውሃ ጠርሙስ ተሰክታለች። ይቺን ጠርሙስ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሥራው የአንድ ድርጅት ካላንደር ነው። የመስከረም ገጽ ላይ ዳገቱን ሙሉ ያለበሰ አደይ አበባ አለ። ደንበኛው የፈረመበት ናሙና ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሌሊቱን ስንገፋ አደርንና ጎህ ሲቀድ ኦፕሬተራችን አንድ ወረቀት ይዞ ወደ በሩ ወጣ። ቆመ። ወረቀቱን አዘነበለው፣ መለሰው።

«ኧረ ጉድ ፈላ!» አለ።

አደዩ አረንጓዴ ሆኗል። የሣር አረንጓዴ እንኳ አይደለም፤ ሊበስል ሲል የተቆረጠ ሎሚ የመሰለ፣ የታመመ ቢጫ። ሌሊት በፍሎረሰንቱ ሥር እኮ ደህና መስሎን ነበር! ኅትመት የሚፈረድበት ብርሃን በዓለም ደረጃ ተወስኖ 5,000 ኬልቪን የሚባል፣ የቀን ብርሃን የሚመስል መብራት ተመድቦለታል። የእኛው ፍሎረሰንት ግን ሌባውንም ዳኛውንም አንድ መልክ የሚሰጥ ነበር።

ኦፕሬተራችን እጁ ቀልጣፋ ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ቢጫው ደክሟል ብሎ ቢጫ ከፈተ። ባሰ። እንደገና ከፈተ፤ ቀለሙ ስለበዛ ሳይደርቅ እየተደራረበ የላይኛው ወረቀት ጀርባ ተለቀለቀ። ብላንኬት የሚባለውን ላስቲክ አጠበ፤ ያው ነው። የቢጫውን ቆርቆሮ «ፎርጅድ ነው!» ብሎ ወረወረና አዲስ ከፈተ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ሰደበ። ወረቀት የሚሰደበው ሌላ የሚሰደብ ሲጠፋ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንጋፋውን አታሚ፣ ጋሼን፣ አስጠሩ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በጃንጥላ መጡ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩ፣ ቡና አዘዙ። ማሽኑን ቀና ብለውም አላዩት። ከኪስ ቦርሳቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? የከረሜላ መጠቅለያ! ሰማያዊ ላስቲክ።

«ቢጫ ዓይንን ያታልላል። ነጭ ወረቀት ላይ መብዛት ማነሱን ሰው አይለየውም። በሰማያዊ ውስጥ ስታየው ግን ይጠቁራል፤ ያኔ ይናገራል» አሉ። ላስቲኩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሌሊት የወጣውን ወረቀት ከናሙናው ጋር አስተያዩት። «ቢጫዋ ምንም አላጠፋችም። ይቅርታ ጠይቋት።»

ቀጠሉና ጣታቸውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወዳለችው የቀለም ቁጥጥር መስመር ወሰዱ። እዚያ ሁለት ግራጫ ሣጥኖች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ከጥቁር ብቻ የተሠራ ነው፤ ሌላው 50 በመቶ ሳይያን፣ 40 በመቶ ማጀንታና 40 በመቶ ቢጫ ተደራርበው የወለዱት። ሥራው ደህና ሲሆን ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። የዚያን ቀን አንደኛው ግራጫ፣ ሌላው ቄጠማ የነካው ይመስል አረንጓዴ ነበር።

«ማጀንታዋ ናት የደከመችው» አሉ ጋሼ። «አደይ ጥርት ያለ ቢጫ ይመስላችኋል? እንደ እንቁላል አስኳል ቅላት አለው። ያቺን ቅላት ከወሰድክበት ወደ ሎሚ ይሄዳል።»

ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ቆልፈው የሚያኖሩት የቀለም መጠን መለኪያ፣ ዴንሲቶሜትሩ፣ ወጣ። (እንዳይሰበር ተብሎ ማንም የማይለካበት መለኪያ።) 1.4 አካባቢ ማንበብ የነበረበት ማጀንታ 1.05 አነበበ።

ኦፕሬተራችን ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ማጀንታውን እኮ ሌሊት ሁለቴ ጨምሬበታለሁ!»

ጋሼ የቀለም ቢላውን ማጀንታው ውስጥ ነክረው አነሡ። ደህና ቀለም እንደ ማር ይጎተታል። ይሄኛው እንደ እርጎ ቁርጥ አለ፤ ላዩ ላይም የውሃ ጠብታ ያብለጨልጭ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቋርጣችሁ። ኦፍሴት የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በውሃና በዘይት ጠብ ላይ ነው። ተውኔቶቹን ማሳተሚያ ገንዘብ ያጠረው አሎይስ ዘነፌልደር የሚባል ጀርመናዊ ደራሲ ነው በ1796 እ.ኤ.አ. ገደማ በድንጋይ ላይ ማተምን የፈለሰፈው፤ ቅባት የነካው ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ውሃ የነካው ይገፋል። በ1904 ደግሞ በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ አይራ ሩበል ማሽኑ ወረቀት ሲስት ምስሉ ላስቲኩ ላይ አረፈበት። ቀጥሎ የመጣው ወረቀት ጀርባ ላይ ምስሉ ከፊተኛው ይልቅ ጠርቶ ወጣ። ብላንኬት ያልነው ላስቲክ የዚያ ስሕተት ልጅ ነው። ስሕተት ሰውን ባለ ስም ሲያደርግ አይታችኋል? የኔ ግን እንዲያ አላደረገኝም።

«ነጩ ቦታ ሌሊት አልቆሸሸብህም?» ጠየቁ ጋሼ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሮዝ ሮዝ አለብኝ። ውሃ ጨመርኩ፤ ጠራ።»

«ከዚያ ማጀንታው ሳሳ።»

«ቀለም ጨመርኩ።»

«ከዚያ ነጩ ደግሞ ቆሸሸ።»

«ውሃ ጨመርኩ» አለ፤ ድምፁ እየወረደ።

ጋሼ የማጀንታውን ጠርሙስ ነቅለው የአሲድ መለኪያ ወረቀት ነከሩባት። ፒኤቹ 5 አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ከ7 በላይ አሳየ። ጠርሙሷን ከፍ አድርገው ያዟትና ዙሪያውን ቃኙ።

«ይቺን ማነው የሞላት?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ብቻውን አወራ።

እኔ ነኝ። ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ጠርሙሷ ጎደለች። የውሃው ኬሚካል ያለበት ጀሪካን የተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ ሰው ቤቱ ተኝቷል። ውሃ ውሃ ነው ብዬ ከቧንቧ ቀዳሁ። ኬሚካሉ እኮ አሲዱን አስተካክሎ ምስሉን የያዘውን ሰሌዳ፣ የፕሌቱን፣ ነጭ ቦታ ውሃ ወዳድ አድርጎ የሚያቆየው ነው። እሱ ሲጠፋ ፕሌቱ ቀለም መያዝ ጀመረ፤ ኦፕሬተሩ ያን ለማጥራት ውሃ አበዛ፤ ማጀንታው ውሃ ጠጣ፣ ቀጠነ፤ አደይ አበባው ታመመ። አንድ ጠርሙስ!

ተናዘዝኩ። ኦፕሬተሩ ሊዘልብኝ ሲል ጋሼ በእጃቸው ከለከሉት። «ልጁ አንዴ አጠፋ። አንተ ሳትለካ ስንቴ ጨመርክ?» አሉት። ለእኔም አልራሩም፤ የማጀንታውን ሮለሮች ሁሉ ብቻዬን አጠብኩ፣ ውሃውን በመስፈሪያ ቀመምኩ፣ መለኪያ ወረቀቱን ራሴ ነክሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኗ ስትነሣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ወረቀቶች ወደ ጎን ጣልናቸው፤ ውሃና ቀለም እስኪታረቁ ድረስ የወጣ ወረቀት አይታመንም። ከዚያ አደዩ ወርቅ መሰለ። ኦፕሬተሩ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ «እንዲያውም ደመቀ፣ ትንሽ ልቀንስ?» ሲል ጋሼ «እርጥብ ነው። ሲደርቅ ይፈዛል፤ እጅህን ኪስህ ክተት» አሉት። እስኪመሽ ድረስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ደንበኞቹ ካላንደሩን ጳጉሜን 2 ተረከቡ። የተበላሸው ግን 2,000 ወረቀት ገደማ ነው፤ ከደሞዜ እንዳይቆረጥ ጋሼ ለምነውልኝ፣ «ከፊሉን ይዘህ ጥፋ» ተባልኩ። ተሸክሜ ወደ ቤት ወሰድኩት። እናቴ አንዱን ዘርግታ አየችና «ምን ሆኖ ነው? ደስ ይላል እኮ!» አለች። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት በእኛ ሰፈር ደብተሩን በአረንጓዴ አደይ አበባ ያልለበጠ ልጅ አልነበረም።