የሶፊያና የእቴነሽ ወግ

ተጠጋጉ ወገኖቼ፣ አቦሉ እስኪፈላ አንድ ወግ ልንገራችሁ። እኛ ሐረሮች ሩጫ ሲነሳ «እሱማ የበቆጂ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መሰናክል ነው፣ ከእንጨቱና ከውሃው ጋር ስለታገሉ ሁለት ሴቶች።

መሰናክሉን አይቶ የማያውቅ ካለ፣ መንገዱ 3000 ሜትር ነው፤ እንጨቱ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ቢመቱትም አይወድቅም፣ የሚወድቀው ሰው ነው። እሱን 28 ጊዜ ይዘሉታል፣ ውሃ ያለበትን ደግሞ 7 ጊዜ። በክረምት ከድሬ ጠያራ ሸክማቸውን ይዘው ወደ ጀጎል የሚመጡ እናቶች ጎርፍ የሞላውን ቦይ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደሚሻገሩት አስቡት፤ ብቻ እነዚህኞቹ በሩጫ ላይ ናቸው፣ ከግራም ከቀኝም ክርን ይጎሽማቸዋል። ወንዶቹ መሰናክልን በኦሊምፒክ የሮጡት ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ ሴቶቹ የተፈቀደላቸው ገና በሚሌኒየማችን ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ነው። መቶ ስምንት ዓመት! ምን ሲጠብቁ እንደኖሩ እነሱ ያውቃሉ።

እናም ሐምሌ 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሦስት ልጆቻችን ለፍፃሜ ተሰለፉ፤ ሶፊያ አሰፋ፣ ሕይወት አያሌውና እቴነሽ ዲሮ። ከፊት የሩሲያዋ ዩሊያ ዛሪፖቫ ሄደች፣ ከኋላዋ የቱኒዚያዋ ሀቢባ ግሪቢ ተከተለች፣ ሶፊያም ከኬንያዋ ሚልካ ቼሞስ ጋር እስከ መስመሩ ድረስ ተናነቀች፣ ሰዓቱም ሲታይ የሶፊያ 9:09.84፣ የሚልካ 9:09.88 ሆነ። አራት መቶኛ ሰከንድ! ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ አይበቃም። ሶፊያ ነሐስ አጠለቀች፣ ሕይወት አምስተኛ፣ እቴነሽ ስድስተኛ ሆኑ፣ እኛም ደስ ብሎን ተኛን። በዓመቱም ሶፊያ ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሌላ ነሐስ ጨመረች።

ሀቅ ግን ሲውል ሲያድር ይወጣልና፣ ዛሪፖቫ አበረታች መድኃኒት መጠቀሟ ተረጋገጠ፣ በ2008 ዓ.ም. የለንደን ወርቋ ተነጠቀ፣ ወርቁ ለግሪቢ፣ ብሩ ለሶፊያ፣ ነሐሱም ለሚልካ ሆነ። ለእኔ ይህ ግማሽ ካሳ ነው፤ በዚያች ሌሊት ሰንደቃችን ከፍ ሊልበት የሚገባውን ቦታ ማንም መልሶ አልሰጣትም።

በዚያው በ2008 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ሪዮ ላይ ማጣሪያ ነበር። እቴነሽ ከፊት ከፊት ስትሮጥ ቆየች፣ ከዚያ ሯጮቹ ተጠላልፈው ወደቁ፣ እሷም አብራ ወደቀች፣ ስትነሳ ጫማዋ ተበላሽቷል። ጎንበስ ብላ መልሳ ልታጠልቀው ሞከረች፣ አልገባም አላት፣ ሌሎቹ ጥለዋት እየሄዱ ነው። ጫማውን አውልቃ ወረወረችው፣ ካልሲውንም አወለቀች፣ እና በአንድ ባዶ እግሯ ተነስታ ሮጠች፣ እንጨቱንም ዘለለች፣ ውሃውንም ዘለለች። አበበ ቢቂላን አታንሱብኝ፤ አበበ ሮም ላይ ሁለቱንም እግሩን ባዶ አድርጎ የገባው አስቦበት ነው፣ ይህችኛዋን ግን ነገሩ የወደቀባት በሩጫው መካከል ነው። ሰባተኛ ሆና ገባች፣ በቀጥታ የሚያልፉት ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ፣ አለቀሰች።

ከዚያም አቤቱታ ቀረበ፣ ዳኞቹም አይተው እሷንና አብረዋት የተጎዱትን የአየርላንዷን ሣራ ትሬሲንና የጃማይካዋን አይሻ ፕሮትን ለፍፃሜ አሳለፏቸው። ነሐሴ 9 ቀን ሶፊያና እቴነሽ እንደገና በአንድ መስመር ቆሙ፤ ወርቁን የባህሬኗ ሩት ጀቤት ወሰደች፣ ሶፊያ አምስተኛ ሆነች፣ እቴነሽ ከኋላ ከገቡት ጋር ጨረሰች።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ታናናሾች፣ ወርቅውሃ ጌታቸውና መቅደስ አበበ፣ በ2014 ዓ.ም. ዩጂን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብርና ነሐሱን አብረው አመጡ፤ የወርቅውሃ ሰዓት 8:54.61 ነበር። በዓለም ሻምፒዮናም በኦሊምፒክም የሴቶች መሰናክል ወርቅ ግን ገና ኢትዮጵያ አልገባም።