የአሸዋው ሜዳ ጥያቄ

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሴት ተማሪዎቹ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ቡድን ያቋቁም ወይስ ይቅርበት? አሸዋ፣ መረብና ኳስ፤ ከዚህ በላይ ምን አለው? በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህ ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው።

በሰኔ 1972 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙት፣ በተለምዶ «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ እንዳያዳላ ከለከለ። በዚያ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል የለም። ሜዳውን ያስከፈቱት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።

የዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ወንዶቹ ከልምምድ በኋላ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ፣ ሴቶቹ እንደ ራሱ በአውቶቡስ ውስጥ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቋቸው ነበር። ሕጉ ለእነርሱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸው ነበር። በመጋቢት 1976፣ 19 ሆነው ወደ ስፖርት ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ፤ ልብሳቸውንም አወለቁ። በገላቸው ላይ በቀለም የተጻፈው የሕጉ ስም ነበር። ብዙም ሳይቆይ መታጠቢያው ተሠራላቸው።

የአሸዋው ጨዋታ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣው ዘግይቶ ነው። በኦሊምፒክ የገባው በ1996 በአትላንታ ሲሆን፣ በሴቶች የፍጻሜ ውድድር የተገናኙት ሁለት የብራዚል ጥንዶች ነበሩ። የአሜሪካ ኮሌጆች ቡድኖች መጋጠም የጀመሩት በ2012 ነው፤ የመጀመሪያው ይፋዊ ብሔራዊ ሻምፒዮና በ2016 በአላባማ ተካሂዶ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሸነፈ። ባሕር የሌላት ነብራስካ እንኳ ቡድን አቋቁማለች።

ተቺዎች አንድ ጥርጣሬ አላቸው፤ እርሱም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አሸዋ ርካሽ ነው። በአዳራሽ የሚጫወቱት ልጆች ራሳቸው በአሸዋውም ተሰልፈው ሁለት ጊዜ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ታዲያ ቡድኑ የተቋቋመው ለሴቶቹ ነው ወይስ ለመዝገቡ?

ለዚህ የኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው በ2009 የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን ሊያፈርስና በምትኩ የድጋፍ ትርዒት ቡድን ሊያቋቁም ወሰነ። ተጫዋቾቹና አሠልጣኛቸው ከሰሱ። በ2010 የፌዴራል ዳኛ፣ ትርዒቱ በጊዜው በነበረው አደረጃጀት እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይችልም ሲል ፈረደ። ቁጥር ብቻውን ፍትሕ እንደማይሆን በፍርድ ቤት ተመሰከረ።

እኔ በበኩሌ ቡድኑ ይቋቋም ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ሴቶቹ ሲሹት፣ የራሱ አሠልጣኝ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ የነፃ ትምህርት ዕድል ኖሮት፣ ሌላ የሴቶች ቡድንም ሳይፈርስበት ይሁን። ይህ ከጎደለ አሸዋው የመዝገብ ማሟያ ከመሆን አያልፍም። ከዬል ቀዛፊዎች የምንማረውም ይህንኑ ነው፤ በቡድን መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ነበር፣ የጎደላቸው ውኃው ነበር።