የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስትሄዱ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳትርቁ፣ ከዓይን በፊት አፍንጫ የሚያውቀው ሰፈር አለ። ሕዝቡ ቆሼ ይለዋል፤ በወረቀት ላይ ረጲ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋ የኖረው እዚያ ነው። 36 ሄክታር ገደማ በሚሆነው በዚህ መሬት ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የተከማቸው ግን ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ሙያም ተከማችቷል።

ቁራሌው ቤት ለቤት እየዞረ የሚገዛውን፣ የቆሼ ሰዎች ከክምሩ ፈልቅቀው ያወጡታል። መዳቡን ከነሐስ፣ አሉሚኒየሙን ከቆርቆሮ፣ ሃይላንዱን ከሌላው ፕላስቲክ ዳብሰው ይለያሉ። የትኛው ዕቃ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምን እንደሚሆን፣ ዛሬ በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃሉ። ይህን የሚያስተምር ኮሌጅ መኖሩን እኔ አልሰማሁም።

ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ውዳቂ ብረትና ፕላስቲክ የሚለይ የመጋዘን ሠራተኛ ተፈለገና ማስታወቂያ አወጣን። አንድ ጠና ያሉ ሰው መጡ። ፎርሙ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚለውን ባዶ ትተውታል።

«አባባ፣ ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?»

«ቆሼ። አሥራ አንድ ዓመት።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ፈገግ አሉ። «ቆሼ እኮ ወረቀት ሞልቷል ልጄ፤ የሌለው ማኅተም ነው።»

እኔም «0 ዓመት» ብዬ ሞላሁ። ቦታው በሦስተኛው ቀን ዲፕሎማ ባለው ልጅ ተያዘ። አለቃዬ ፍጥነቴን አመሰገኑ። በእርግጥም ሥራዬን በደንብ ሠርቼ ነበር። ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ፣ የሠራሁት ሥራ የቱ እንደሆነ ነው።

አማርኛ «ምልመላ» የሚል ቃል አለው። መለመለ ማለት ሰው መረጠ ብቻ አይደለም፤ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ ቅጠል ገፈፈም ማለት ነው። መልማይ የበቀለ ዛፍ ጋ ይመጣና የሚፈልገውን ይቆርጣል። ማን እንደተከለው፣ ለከርሞ ምን እንደሚበቅል የእሱ ጉዳይ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች አሁን አሁን «ታለንት አኩዊዚሽን» የሚሉት ሥራ ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ወንበሩ ሳይጎድል፣ አንዳንዴም ወንበሩ ገና ሳይሠራ። ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሰው ያስፈልገናል? ያ ሰው ዛሬ የት ነው? ከሌለስ እንዴት እናፍራው? እኔ «ሰው ማፍራት» ብለው ይሻለኛል።

ሁለቱም ለኛ አዲስ አይደሉም። ድሮ ሹመት ፈላጊ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት በር ደጅ ይጠና ነበር፤ መራጩ ተቀምጦ፣ ፈላጊው ቆሞ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ወጣትም ያው ደጅ ጠኚ ነበር፤ በሩ ወረቀት ሆነበት እንጂ። ደላላም እንዲሁ ነው። ሠራተኛ ሲጠየቅ ያቀርባል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በሌላ በኩል በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አለ። ያኔ ልጆች የተማሩት ገና በቅጡ ላልተደራጁ መሥሪያ ቤቶች ነበር።

ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ አየር መንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ ጋር ተዋውሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ፣ የሚያበሩትም የሚያስተዳድሩትም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ይህ ምልመላ ነው፤ ነውርም የለበትም፤ አውሮፕላኑ መነሳት ነበረበት። ጎን ለጎን ግን ኢትዮጵያውያን ይሠለጥኑ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ 25 ዓመት ነው። ቦታ በሦስት ቀን ስለሞላ የሚመሰገን ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም።

እንግዲህ ወደ ሙያው ለመግባት የምታስቡ፣ ልዩነቱ የማዕረግ እንዳይመስላችሁ። መልማይ ዛሬ ስንት ክፍት ቦታ አለ፣ በስንት ቀን ተሞላ ተብሎ ይጠየቃል። ስልኩ አይዘጋም፤ ውጤቱን ወዲያው ያያል። ሰው ወዲያው አይቶ የሚለይ፣ ቶሎ የሚወስን ሰው ይሳካለታል። ሌሊት ነርስ ለጎደለው ሆስፒታል የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ሰው የሚያፈራው ግን ውሎው ከትምህርት ቤቶች፣ ከማሠልጠኛዎች፣ ገና ሥራ ካልጠየቁ ሰዎች ጋር ነው። ዛሬ ያልተቀጠረውን ሰው ስም መዝግቦ ይይዛል። ፍሬውን ሳያይ መሥሪያ ቤት ሊቀይርም ይችላል። ብዙ ቦታ ደግሞ የተቀየረው ቢዝነስ ካርዱ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያው ፎርም፣ ያው ማኅተም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ማመንጫ እዚያው ተመረቀ። ለተርባይኑ መሐንዲስ ይመለመላል፤ ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው ከጓዳ የሚወጣ እርጥብ ነገር ነው። የሚነደውን ከማይነደው፣ ዋጋ ያለውን ከሌለው መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ማን ያመለክታል?» ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የቆሼን ሰው አያገኘውም። «ይህን የሚያውቀው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን መንገዱ በቀጥታ ወደ ክምሩ ይወስደዋል።

ያን ፎርም ዛሬ ባገኘው 0ን ሰርዤ 11 እጽፍ ነበር። ከዚያ ግን እደውል ነበር ብል እዋሻለሁ። የሰውዬውን ስልክ አልመዘገብኩም። ያኔ ላልቀጠርነው ሰው ስልክ ቦታ አልነበረንም።