የመሠረቱ ባለቤት ማን ነው? የኦፕን ሶርስ ቨርችዋላይዜሽን አጭር ታሪክ

ቤት ያማረለት ሰው ግድግዳውንና ጣሪያውን ለእንግዳ ያሳያል እንጂ መሠረቱን ቆፍሮ አያሳይም። መሠረት የሚታሰበው ቤቱ ሲሰነጠቅ ነው። በእኛም ሙያ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ዛሬ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲና በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ብዙው ሰርቨር በቀጥታ በሃርድዌሩ ላይ የቆመ ሳይሆን፣ ቨርችዋላይዜሽን በሚባል፣ በመካከል በተዘረጋ የሶፍትዌር መሠረት ላይ የቆመ ነው። የዚህ መሠረት ባለቤት ማን እንደ ሆነና ተጠቃሚው በምን መብት እንደሚሠራበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መሠረቱ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት ተዘግቶ እንዴት እንደ ተከፈተ፣ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ መኖሪያ ቤትም እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ መተረክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ሰፊ ግቢ እንውሰድ። በግቢው ውስጥ ብዙ ተከራዮች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱም ኑሮ አለው፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም። ውሃውንና መብራቱን ለሁሉም የሚያዳርስ፣ አንዱም የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ የሚጠብቅ ግን አንድ አስተዳዳሪ አለ። በኮምፒዩተር ውስጥ ተከራዮቹ ቨርችዋል ማሽኖች ይባላሉ፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል። እያንዳንዱ ቨርችዋል ማሽን የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ዲስክ ያለው መስሎት ይሠራል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የግቢው ካርታ በማን ስም ነው የሚለው ነው።

መነሻው

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በካምብሪጅ ከተማ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1964 በዚህች ከተማ አንድ የሳይንስ ማእከል አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ዕቃ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች አንዱን ማሽን ጊዜ ተከፋፍለው እንዴት በአንድነት ሊሠሩበት ይችላሉ የሚለው የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ሮበርት ክሪሲና ሌስ ኮሞ የተባሉት የማእከሉ ባለሙያዎች ለጥያቄው ያልተለመደ መልስ ሰጡ። ይኸውም አንዱን ማሽን ለብዙዎች ከመሸንሸን ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተሟላ ማሽን ብቻውን የያዘ እንዲመስለው ማድረግ ነው። ሲ.ፒ.-40 የተባለው ሥራቸው በጃንዋሪ 1967 አገልግሎት መስጠት ጀመረ፤ በአንድ ማሽን ላይም 14 ቨርችዋል ማሽኖችን ለማስተናገድ ቻለ።

የሚቀጥለው እትም ሲ.ፒ.-67 በ1968 ለደንበኞች የተሰራጨው ከነምንጭ ኮዱ ነበር። ኩባንያው ሙሉ የጥገና ኀላፊነት ስላልወሰደ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ኮዱን እያነበቡ ስሕተቱን ያርሙት፣ የጎደለውንም ይጨምሩበት ጀመር። በዚያው ዓመት ይህንኑ ፕሮግራም መሠረት አድርገው የኮምፒዩተር ጊዜ የሚያከራዩ ሁለት ኩባንያዎች ተቋቋሙ። በኦገስት 1972 ቪ.ኤም./370 የተባለው ሥርዓት በይፋ ሲወጣም ልማዱ አልተለወጠም፤ ባለሙያዎች በተጠቃሚዎች ማኅበር አማካይነት ያሻሻሉትን ኮድ ይለዋወጡ ነበር። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ቨርችዋላይዜሽን ሲወለድ የተጠቃሚው እጅ ያልተለየው ሥራ ነበር።

ይህ ዘመን ግን አልዘለቀም። በፌብሩዋሪ 1983 አይ.ቢ.ኤም. ከእንግዲህ ፕሮግራሞቹን በማሽን ቋንቋ ብቻ እንደሚያስረክብ፣ የምንጭ ኮዱንም እያደር እንደሚያስቀር አስታወቀ። ለዓመታት ኮዱን ሲያርሙ የኖሩት ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን ቢያሰሙም ውሳኔው አልተሻረም። ትናንት የራሳቸውን ግድግዳ ያድሱ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ምስማር ለመምታት ፈቃድ ጠያቂ ሆኑ።

በዚያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1983፣ በዚያችው በካምብሪጅ ከተማ ሌላ ነገር ተጀመረ። ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ጂ.ኤን.ዩ. የተባለ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን ገለጠ። ሁለቱ ጉዳዮች በቀጥታ የተያያዙ አልነበሩም፤ ነገር ግን በአንድ በኩል በር ሲዘጋ በሌላ በኩል በር መከፈት መጀመሩን ያሳያሉ። ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው የፈቃድ ውል በ1989 ወጣ፤ የሊኑክስ ሥራም በ1991 ተጀመረ።

ሁለተኛው ልደት

በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ አንድ ማሽን በአግባቡ ቨርችዋል ማሽኖችን ለማስተናገድ ምን ምን ሊያሟላ እንደሚገባው በሒሳብ ቋንቋ ጽፈው አሳትመው ነበር። ዋነኛው ሐሳብ፣ የማሽኑን ሁኔታ የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ያለ አስተዳዳሪው ዕውቅና ሊፈጸም አይገባውም የሚል ነው። በኋላ ዓለምን የሞላው የኤክስ 86 ፕሮሰሰር ግን ይህን ደንብ አያሟላም ነበር። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት በፔንቲየም ፕሮሰሰር ውስጥ አስተዳዳሪውን ሳያሳውቁ የሚያልፉ 17 ትእዛዞችን ለይቶ አሳይቷል።

በ1990ዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ሰርቨር መግዛት ልማድ አድርገው ነበር። ለደብዳቤ አንድ፣ ለሒሳብ አንድ፣ ለመዝገብ አንድ። አብዛኛዎቹ ማሽኖች የቀኑን ብዙ ሰዓት ሥራ ፈት ሆነው መብራትና ማቀዝቀዣ ይበላሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ዲስኮ የተባለውን ምርምር ያቀረቡት ሰዎች በ1998 ቪኤምዌር የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች በሥራ ላይ እያሉ እየተረጐሙ በማሳለፍም የኤክስ 86ን እንቅፋት ተሻገሩት። በ1999 ለግል ኮምፒዩተር፣ በ2001 ደግሞ ለሰርቨር የሚሆን ሥራ ለገበያ አቀረቡ። ሥራው ግሩም ነበር፤ ኮዱ ግን የተዘጋ ነበር።

የተከፈተው መንገድ የመጣው ከሌላዋ ካምብሪጅ፣ ከእንግሊዝ አገሯ ነው። በኢያን ፕራት የሚመራው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2003 ዜን የተባለውን ሃይፐርቫይዘር አስተዋወቀ። የዜን ዘዴ አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች መተርጐም ሳይሆን፣ እንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱ ተለውጦ ከአስተዳዳሪው ጋር እንዲተባበር ማድረግ ነበር። ይህም ሊሆን የቻለው የሊኑክስ ኮድ ክፍት ስለ ነበር ነው። ተመራማሪዎቹ ዊንዶውስ ኤክስ ፒንም በዚሁ መንገድ ለመለወጥ ሠርተው ነበር፤ ይሁን እንጂ የፈቃዱ ውል ስለማይፈቅድ ያ ሥራ ለሕዝብ ሊሰራጭ አልቻለም። አንዱ ዕውቀት ለዓለም ተረፈ፤ ሌላው በቤተ ሙከራ ውስጥ ቀረ። በ2006 አማዞን ኮምፒዩተርን በሰዓት ማከራየት ሲጀምር መሠረቱ ዜን ነበር።

ከዚያም ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 የቀደመውን ጕድለት የሚሞላ አሠራር በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ። ይህንንም ተከትሎ ኩምራኔት በተባለው የእስራኤል ኩባንያ ይሠራ የነበረው አቪ ኪቪቲ በ2006 ኬ.ቪ.ኤም.ን ይዞ ቀረበ። የእርሱ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሜሞሪ የሚያስተዳድር፣ ጊዜ የሚያከፋፍል ሊኑክስ ካለ ሌላ አስተዳዳሪ አዲስ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ሊኑክስ ራሱ አስተዳዳሪ ይሁን። ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን አስመስሎ የማቅረቡን ሥራ ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የተባለው ፕሮግራም ተረከበ። ኬ.ቪ.ኤም. በፌብሩዋሪ 2007 ከወጣው የሊኑክስ እትም ጀምሮ የሊኑክስ አካል ሆነ። ሬድ ሃት በ2008 ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ኮዱ ግን ቀድሞ የሁሉ ሆኖ ነበርና የተሸጠው ኩባንያው ብቻ ነው።

በቤትና በመሥሪያ ቤት

ሞተር ብቻውን መኪና አይሆንም። በቪየና ከተማ የሚገኘው ፕሮክስሞክስ የተባለው ኩባንያ በ2008 ኬ.ቪ.ኤም.ን ከዴቢያን ሊኑክስ ጋር አዋሕዶ፣ ሁሉንም በአንድ የድር ገጽ ለማስተዳደር የሚያስችል ሥርዓት አወጣ። ኩባንያው ገቢውን የሚያገኘው ከድጋፍ ክፍያ እንጂ ከፕሮግራሙ ሽያጭ አይደለም። በመሆኑም ትልቅ ድርጅት የሚሠራበትንና አንድ ተማሪ በቤቱ የሚጭነውን የሚለይ አጥር የለም።

የዚህ ነገር ጥቅም ከገንዘብ ቍጠባ በላይ ነው። በ1967 ቨርችዋል ማሽን ለመንካት የሚችለው የትልቅ ተቋም ሠራተኛ ብቻ ነበር። ዛሬ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና አንድ ተጨማሪ ዲስክ ያለው ሰው በመኖሪያ ቤቱ የተሟላ ትምህርት ቤት አለው። በአንዱ ቨርችዋል ማሽን የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ያኖራል፤ በሌላው አዲስ ዳታቤዝ ይሞክራል፤ ሦስተኛውን አበላሽቶ እንደ ገና ያቆመዋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስክ ምን እንደሚሆን በራሱ ዕቃ ያየ ወጣት፣ በመሥሪያ ቤቱ የባትሪ መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለምን እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አይሻም።

ከቤት የተገኘው ትምህርት ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ግን ጥንቃቄ ይጨመርበታል። ለምሳሌ በሁለት ሰርቨሮች ብቻ የቆመ ክላስተር አንዱ ሲወድቅ ሌላው ብቻውን አብላጫ ድምፅ ስለማይኖረው ውሳኔ መስጠት ያቆማል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሰርቨር ወይም ቢያንስ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የጫነ ቨርችዋል ማሽን ከቪኤምዌር ወደ ኬ.ቪ.ኤም. ሲዛወር፣ አዲሱን ዲስክ የሚያውቅበት ድራይቨር አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት ሊነሣ አይችልም። ከሁሉም በላይ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደ ባክአፕ ሊቈጠር አይገባውም። ክፍት ሶፍትዌር የፈቃዱን ዋጋ ያስቀራል እንጂ የዕውቀቱንና የትጋቱን ዋጋ አያስቀርም።

የ2023 ትምህርት

በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛ፤ ግዢው በ2022 ይፋ ሲደረግ ዋጋው 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ነበር። በዲሴምበር 2023 አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቀረና፣ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ተተካ። በፌብሩዋሪ 2024 ብዙ ሰዎች በቤታቸው ይማሩበት የነበረው ነጻ እትም ተቋረጠ፤ በኤፕሪል 2025 ተመልሶ ቢወጣም፣ በአንድ ማስታወቂያ የሚሰጥና በአንድ ማስታወቂያ የሚነሣ ነገር ምን ያህል እንደሚታመን ባለሙያው አስቀድሞ ተምሮ ነበር። ፕሮክስሞክስም በኤፕሪል 2024 ባወጣው እትም ማሽኖችን ከቪኤምዌር በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ ጨመረ።

ብሮድኮም ያደረገው ሕግ የጣሰ ነገር ነው ለማለት አይደለም፤ ባለ ካርታ ኪራይ መጨመር ይችላል። ጥያቄው ተከራዩ ምን አማራጭ ነበረው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ በእኛ አገር ይጠብቃል። የውጭ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ በጀት ግን የተያዘው በብር ነው። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር የሚጠይቀው ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ እጥፍ ገደማ ደርሷል። በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ክፍያ የያዘ የሥራ ክፍል፣ ከሰርቨሮቹ አንድም ሳይጨምር ወጪው ሊያሻቅብ ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ኦፕን ሶርስ የሚለውን ስም እንደ ክታብ ማሰርም አይገባም። ሬድ ሃት በኬ.ቪ.ኤም. ላይ ያቆመውን የራሱን የቨርችዋላይዜሽን ምርት ድጋፍ በ2024 ፈጽሟል። በዜን ላይ የቆመው የሲትሪክስ ዜንሰርቨርም በዲሴምበር 2017 ከነጻው እትም ውስጥ ልዩ ልዩ አገልግሎቶችን አንሥቷል። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለ ነበር በፈረንሳይ አገር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ሥራውን አንሥተው በ2018 ኤክስ.ሲ.ፒ.-ኤን.ጂ. የተባለውን እትም አወጡ። ክፍት ኮድ ባለቤቱ ሐሳቡን እንዳይለውጥ አያግደውም፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ሲለውጥ ግን ተጠቃሚው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል።

አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ክፍት ኮድም ቢሆን የሚያነበው፣ የሚሞክረውና የሚጠግነው ሰው በአገር ውስጥ ካልተገኘ የሰው ወርቅ ሆኖ ይቀራል። በ1968 የሲ.ፒ.-67 ተጠቃሚዎች መሠረቱን የራሳቸው ያደረጉት ኮዱ ስለ ተሰጣቸው ብቻ ሳይሆን ከፍተው ስላነበቡት ነው። ስለሆነም የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ወጣቶች የሚሞክሩበት አንድ አሮጌ ሰርቨር ቢመድቡ፣ የሠሩትን በአማርኛ እየጻፉ ለተተኪው ቢያቈዩ፣ ባክአፕ የሚፈተንበትንም ቀን ወስነው ቢያከብሩ፣ ካርታው በማን ስም ነው ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት አይጠፋቸውም።