ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ መኖር የጀመረበት ታሪክ

ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ቤት ውስጥ ማኖር ለብዙዎቻችን የሀብታም ሳሎን ጌጥ ብቻ ይመስለናል። ታሪኩ ግን የኬሚስት ሥራ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ለንደን ላይ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦች ውሃ ውስጥ አኖረና የውሃ ሣር አብሮ ተከለ። ሣሩ ለዓሦቹ ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ውሃ መለወጥም ይቀራል ብሎ ነው። ዳሩ ምን ይሆናል፣ ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን አበላሸው። ሰውየውም ከኩሬ ቀንድ አውጣ አምጥቶ ጨመረ፤ እነዚያ ብስባሹን ሲበሉት ውሃው ጠራ። ይህንኑ በ1850 ጽፎ አሳተመ። በ1853 የለንደን መካነ አራዊት የዓሣ ቤት ለሕዝብ ከፈተ፤ ከዚያማ ነገሩ ፋሽን ሆነ።

በዚያን ጊዜ ያልታወቀው ግን ዋናው ነገር ነበር። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም ዓሣ ይገድላል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ኋላም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የሚገርመው፣ በአፈር ውስጥ ይኸንኑ ለውጥ ካጠኑት አንዱ የዋሪንግተን የገዛ ልጁ፣ ስሙም ሮበርት፣ መሆኑ ነው። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ሲሆን ጊዜውም 1890 ነው።

እንግዲህ ሣጥን በገዛበት ቀን ዓሣ የሚሞላ ጀማሪ፣ ባክቴሪያ በሌለበት ቤት እንግዳ አስገባ ማለት ነው። እነሱ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ልጆች ዓሣው ሞተ ብለው የሚያለቅሱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መሐል ነው። ለንጽሕና ተብሎ ውሃውን በሙሉ መድፋትና ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ማጠብም ያው ባክቴሪያዎቹን መፍጀት ነው፤ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ መለወጥ ይበቃል።