የካፋ ዞን ከተሞችና ወረዳዎች የስም አመጣጥ

የካፋ ዞን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ዋና ከተማው ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአካባቢው ስያሜዎች ከቀድሞው የካፋ መንግሥት፣ ከተፈጥሮ ገጽታና ከኋላ ዘመን አስተዳደር የመጡ ናቸው።

ካፋ

ካፋ የምድሩም የቀድሞው መንግሥትም መጠሪያ ነው። የሕዝቡ ቋንቋ ካፊ ኖኖ ሲሆን «ኖኖ» አፍ ማለት ነው። የቡና ዓለም አቀፍ ስም ከካፋ እንደተገኘ በሰፊው ይነገራል፤ የቋንቋ አጥኚዎች ግን ቃሉ ወደ አውሮፓ የገባው «ቀህዋ» ከሚለው ዐረብኛ መሆኑን ያስረዳሉ። በካፊ ኖኖ ቡና «ቡኖ» ይባላል።

ቦንጋ

በቃል ታሪክ የቦንጋ ስም ቦንኬ ከተባለው የካፋ ንጉሥ ጋር ይያያዛል። ከተማዋ ከአንደራቻ ጋር የነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸንፈው ግዛቱ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ።

ጎጀብና ቢታ ገነት

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጎጀብ ከተማ የተሰየመችው ወደ ኦሞ በሚፈስሰው የጎጀብ ወንዝ ነው። ቢታ ገነት ደግሞ ቢታ በሚለው ነባር ስም ላይ «ገነት» የሚለው ቃል ተጨምሮ የተመሠረተ ስያሜ ነው።

የወረዳና የከተማ ስም ልዩነት

በብዙ ወረዳዎች የወረዳውና የዋና ከተማው ስም ይለያያል፦

• ዴቻ ወረዳ፦ ጭሪ
• ጨና ወረዳ፦ ዋቻ
• አዲዮ ወረዳ፦ ካካ
• ጌሻ ወረዳ፦ ዴካ

በሰነዶች ላይ የሚታይ ልዩነት

የካፋ ስም የሸፈነው ግዛት በየዘመኑ ተለዋውጧል። በቀድሞው ሥርዓት «ከፋ ጠቅላይ ግዛት»፣ በኋላም «ከፋ ክፍለ ሀገር» የተባለው አስተዳደር ዋና ከተማው ጅማ ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመን ሰነድ ላይ «ከፋ» ተብሎ የተመዘገበ የትውልድ ቦታ የዛሬው የካፋ ዞን ላይሆን ይችላል። ከፌዴራል ሥርዓቱ ምሥረታ በኋላ አካባቢው በደቡብ ክልል ሥር «ካፊቾ ሸኪቾ ዞን» ተብሎ ቆይቶ ካፋና ሸካ በሚባሉ ሁለት ዞኖች ተከፈለ። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱም ዞኖች በአዲሱ ክልል ተካትተዋል።

የአጻጻፍ ልዩነትም አለ። ስሙ «ከፋ» እና «ካፋ» ተብሎ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው በአማርኛ «መጥፎ ሆነ» ከሚለው ግስ ጋር ይመሳሰላል። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍም አንድ ቀበሌ በሁለቱ ቋንቋዎች በተዘጋጁ ሰነዶች ላይ በተለያየ መልክ ሊገኝ ይችላል።

በመሆኑም በልደት ምስክር ወረቀት፣ በመታወቂያና በይዞታ ሰነድ ላይ ያለው የቦታ ስም በማይጣጣምበት ጊዜ ባለጉዳዮች የቀድሞውን መጠሪያ፣ የአሁኑን ዞንና ወረዳ እንዲሁም ቀበሌውን አንድ ላይ ቢገልጹ የቦታውን ማንነት ለማረጋገጥ ያግዛል።